የሕግ አምላክና የሕግ ዘበኛ



ዘመን በተለወጠ ቍጥር መስከረም አንድ ቀን ቄጤማ ጎዝጉዘን፣ ዐደይ አበባ ተቀባብለን እንኳን አደረሳችሁ ስንባባል፣ በዓሉን «ቅዱስ ዮሐንስ» ብለን እንጠራዋለን። ስሙን መጥራት ለምዶብናል፤ ነገር ግን የስሙ ባለቤት በዮርዳኖስ ዳር ቆሞ ሕዝቡን ሲያስተምር ለማን ምን ብሎ እንደ መለሰ ብዙ ጊዜ አናስታውስም። በሉቃስ ወንጌል በሦስተኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ ወደ መጥምቁ ከመጡት መካከል ጭፍሮች ነበሩ። በዚያ ዘመን ጭፍራ ማለት ለጦርነት ብቻ የሚሰለፍ ማለት አልነበረም፤ ወንጀለኛ የሚይዘው፣ እስረኛ የሚጠብቀው፣ ሁከት የሚያበርደው እርሱው ነበር። እነዚህም ሰዎች እንደ ሌላው ሕዝብ ሁሉ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ጠየቁት። እርሱም ሥራችሁን ትታችሁ ወደ በረሃ ተከተሉኝ አላላቸውም። በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩ፣ ማንንም በሐሰት እንዳይከሱ፣ በሚከፈላቸውም ደመወዝ እንዲረኩ ነግሮ ወደ ሥራቸው መለሳቸው።

በዛሬው ዓምዳችን ልንናገርለት የፈለግነው ይኸው ሥራ ነው። ስለ ታላላቅ ወንጀሎች አይደለም፤ በግ ሲጠፋ፣ ድንበር ሲገፋ፣ በገበያ ሰው ሲጣላ፣ ሕፃን መንገድ ሲስት ስለሚጠራው ስለ ተራው ፖሊስ፣ እርሱንም ስለሚያምነው ወይም ስለሚሸሸው ሕዝብ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንዝ ደጋ ስንዘዋወር፣ በአንድ የገበያ ቀን ሁለት ሰዎች ስለ አንዲት በግ ሲጣሉ አየን። አንዱ «ጆሮዋን እኔው ነኝ የበሳሁት፤ የኔ ናት» ይላል፤ ሌላው «በገንዘቤ ገዝቻታለሁ» ይላል። ዱላ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ጨው የሚሸጡ አንዲት ባልቴት ከተቀመጡበት ሳይነሡ «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ። ሁለቱም በቆሙበት ቀሩ፤ የተነሣው ዱላ ወረደ። አሥራ አምስት የሚያህል ሰው ዙሪያውን ከብቦ፣ «አንተ ቆይ፤ እርሱ ይናገር፤ በጊቱን ቀድሞ የሚያውቃት አለ?» እያለ ነገሩን ይመረምር ጀመር። ጥቂት ቆይቶ አንድ ፖሊስ በሕዝቡ መካከል እያለፈ መጣ። ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ማንንም አልመታም። ነገር ግን ገና «ምንድን ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ፣ ከብቦ የነበረው ሰው አንድ በአንድ እየተነሣ ሄደ። ባልቴቲቱም ጨዋቸውን ወደ መስፈር ተመለሱ። ፖሊሱ «ማን አየ?» ሲል ያየ ሰው ጠፋ።

ይህ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልባችን አልወጣም። አንዲት ጨው ሻጭ በአንድ ቃል ያቆሙትን ጠብ፣ መንግሥት ልብስ አልብሶ፣ ደመወዝ ቈርጦ፣ ሥልጣን ሰጥቶ የላከው ሰው መመርመር ያልቻለው ስለ ምንድን ነው? ቃሉ ሰውን ሲሰበስብ ልብሱ ለምን ሰውን በተነ?

«በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል በአባቶቻችን ዘመን የጸጥታውን ሥራ እኩሌታ ይሠራ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ የደረሰ መንገደኛ ሁሉ ገላጋይም ዳኛም ለመሆን ይችል ነበር። ቃሉ የተጠራበት ሰው አልቆምም ቢል፣ በባለጋራው ላይ ብቻ ሳይሆን በሕግ ላይ እንዳመፀ ይቈጠርበታል። ተሟጋቾቹም በቍራኛ ተያይዘው፣ ማለት አንዱ ከሌላው ጋር በልብስ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቈራኝተው፣ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በመካከላቸው ዘበኛ አልነበረም፤ ከሳሹ የተከሳሹ ጠባቂ፣ ተከሳሹም የከሳሹ ጠባቂ ነበር። ወደ አገራችን የመጡ የውጭ አገር መንገደኞች ይህን ሲያዩ ተደንቀው ጽፈውታል።

ሌባው ያልታወቀ እንደ ሆነ ደግሞ አፈርሳታ ወይም አውጫጪኝ ይጠራል። የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ እየማለ እየተገዘተ፣ የሚያውቀውን እንዲያወጣ ይጠየቃል። የቀረ ሰው መቀጫ አለበት። ነገሩ ካልወጣ ጉባኤው በነጋታውም በሠልስቱም ይመለሳል። ገበሬው እርሻውን ትቶ፣ በሬውን አስሮ፣ በፀሐይና በውርጭ ይቀመጣል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ግን አንድ ብልኀት ነበረበት፤ እርሱንም ልብ እንድትሉልን እንወዳለን። ሌባውን ያየ ሰው በጉባኤ ፊት ተነሥቶ ስሙን መጥራት አይገደድም ነበር። ምስጢሩን ለታመኑ ሰዎች ይነግራል፤ እነዚያም ወደ ጉባኤው መጥተው «ወፍ ነገረችን» ይላሉ። ወፊቱ ማን እንደ ሆነች አይጠየቅም። መንደሩ ሁሉ እየገመተ እንኳ አፉን ይዘጋ ነበር።

ይሁን እንጂ የቀደመውን ሁሉ እናወድስ ብለን አልተነሣንም። ከአውጫጪኝ ጎን ሌባ ሻይ ነበረ። አንድን ብላቴና አደንዛዥ መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በመቀነት አስረው ይለቁታል፤ እርሱም እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ስንት ንጹሕ ሰው በሰከረ ሕፃን እግር እንደ ተፈረደበት እግዚአብሔር ብቻ ያውቀዋል። መንግሥት በኋላ ይህን ልማድ መከልከሉ መልካም ሥራ ነበረ። ምስክር ሳይሰሙ፣ ማስረጃ ሳያገኙ ሰውን መወንጀል እንዲህ ያለ ነገር ነውና፣ ዛሬም «ፊቱ አላማረኝም» ብሎ ሰው የሚይዝ ፖሊስ ቢኖር የሌባ ሻይን ሥራ ይሠራል እንጂ የፖሊስን ሥራ አይሠራም።

በአዲስ አበባ ከወረራው በፊት የአራዳ ዘበኛ ይባል የነበረው ጥበቃ እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያስታውሱናል። በአገሩ ሁሉ በሕግ የቆመ ፖሊስ የተመሠረተው ግን ጠላት ከወጣ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፖሊስ አዋጅ ነው። የዓለሙም ነገር ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። በለንደን ከተማ ሮበርት ፒል የተባለው ሚኒስትር የከተማውን ፖሊስ ያቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1829 ነው። ሕዝቡ ወታደር መጣብኝ ብሎ እንዳይፈራ፣ የጦሩ ልብስ ቀይ ስለ ነበረ ለፖሊሶቹ ሰማያዊ ኮት ተሰፋላቸው፤ በእጃቸውም ጠመንጃ ሳይሆን አጭር ዱላ ተሰጣቸው። እንዲያም ሆኖ ሕዝቡ መጀመሪያ ጠላቸው፤ ሰደባቸው፤ ደበደባቸውም። እምነት በልብስ ቀለም ብቻ የማይገኝ መሆኑን እነርሱም በዚያ ጊዜ ተምረዋል።

ሕጉን በሚመለከት ብዙ ልንናገር አንሻም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ሊያውቀው የሚገባ ጥቂት ነገር አለ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ሆነ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛሉ። ለመንገዱ የሚያስፈልገው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይታሰብም፤ ይህም ፍርድ ቤቱ ከገደል ማዶ ለሆነበት ለእኛ አገር ሰው መታወቅ ያለበት ነው። የተያዘው ሰው ስለ ምን እንደ ተያዘ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ እንዲናዘዝም እንዳይገደድ መብት አለው። የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹ፣ ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ የሃይማኖት አባቱም ሊጠይቁት ይችላሉ። ንስሐ አባት እስር ቤት ድረስ ሄዶ ልጁን መጠየቁ እንግዲህ የደግነት ሥራ ብቻ ሳይሆን በሕግ የተጻፈ ነገር ነው። እስረኛን የሚያሠቃይ የመንግሥት ሠራተኛ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ራሱ ወንጀለኛ ነው።

ሕጉ እንዲህ ሆኖ ሳለ በገበያው ውስጥ የነበረው ሰው ለምን ተበተነ? ይህን ጥያቄ በየደረስንበት ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ፖሊስ ክፉ ነው» የሚል አልነበረም። አንድ ገበሬ ጣቱን እየቈጠረ ነገረን። «አየሁ ብል፣ አንድ ቀን ለቃል እሄዳለሁ። ሁለተኛ ቀን ለቀጠሮ እሄዳለሁ፤ ዳኛው የለም ይሉኛል። ሦስተኛ ቀን እሄዳለሁ፤ ባለጋራው አልቀረበም ይሉኛል። ገብሴን ማን ያጭድልኛል?» አለን። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህስ ይሁን፤ ማን እንደ ተናገረ ማታውኑ በጠላ ቤት ይወራል። የተከሳሹ ወንድሞች ጎረቤቶቼ ናቸው። ፖሊሱ ሦስት ዓመት ሠርቶ ይዛወራል፤ እኔ የት እዛወራለሁ?» አለ።

እውነት ነው፤ የት ይዛወራል? ቂም በደም ሲመለስ የኖረበትን አገር የሚያውቅ ሁሉ ይህ ሰው ፈሪ አለመሆኑን ይመሰክርለታል። የአውጫጪኟ ወፍ የነበራት ነገር ለዚህ ገበሬ የለውም። ስለዚህ ፖሊስ ለሕዝብ ሊያደርገው ከሚገባው ምሕረት ሁሉ የመጀመሪያው ምላሱን መግታት ነው ብለን እናምናለን። የነገረውን ሰው ስም በመጠጥ ቤት የጣለ ፖሊስ፣ አንድን ምስክር ብቻ ሳይሆን ገና ያልመጡትን ምስክሮች ሁሉ ገድሏል። ወንጀለኛው ቢያዝ እንኳ በሚቀጥለው ጊዜ የሚናገር አይኖርም። የሚናገር ከሌለ ደግሞ ፖሊሱ የሚቀረው አንድ መንገድ ነው፤ የያዘውን ሰው እስኪናገር መምታት።

ከዱላ የሚገኘው ግን እውነት አይደለም፤ ስም ነው። የተመታ ሰው ዱላው እንዲቆምለት የመጣለትን ስም ይጠራል። የሐዋርያት ሥራ በዐሥራ ስድስተኛው ምዕራፍ የፊልጵስዩስን ነገር ይተርክልናል። ጳውሎስና ሲላስ ሳይፈረድባቸው በአደባባይ ተገርፈው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በውስጠኛው ወኅኒ ታሰሩ። በሌሊት የምድር መናወጥ ሆኖ ደጆቹ ሁሉ ሲከፈቱ፣ የወኅኒው ጠባቂ እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ራሱን ሊገድል ሰይፉን መዘዘ፤ ከራሱ እጅ ያዳነውም ያንኑ ሌሊት እግሩን የጠረቀው እስረኛ ነበር። ያ ዘበኛ ከዚያ በኋላ ያደረገውን ልብ እንበል። ስለ ሃይማኖት ጠየቀ፤ አመነ፤ ተጠመቀም። ከመጠመቁ በፊት ግን በዚያው ሰዓት ወስዶ ቍስላቸውን አጠበ። ከተጠመቀም በኋላ ወደ ቤቱ አግብቶ ማዕድ አቀረበላቸው። ያጠበውም ቍስል የራሱ መንግሥት ያቈሰለው ነበር። በነጋም ጊዜ ሹሞቹ በቀስታ እንዲለቁአቸው ሲልኩ፣ ጳውሎስ በምስጢር አልወጣም አለ፤ በአደባባይ የገረፉት ሹሞች ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት አደረገ። በደል የሠራ መሥሪያ ቤት ስሕተቱን በአደባባይ መመለስ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት እናመጣለን?

ምሕረት ስንል ደግሞ ወንጀለኛን መልቀቅ ማለታችን አይደለም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል እናንተ ታውቁታላችሁ። ባናና ዝተት የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሰው በሐሰትም ሆነ በእውነት ተይዞ በቀዝቃዛ ክፍል ሲያድር፣ ዘመድ ካለው ምሳውም ልብሱም ይመጣለታል። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ዘመድ የሌለው የቀን ሠራተኛ ሲሆን ግን ማን ያመጣለታል? እስረኛን ከቤት በሚመጣ ምግብ ማኖር በአገራችን የቆየ ልማድ ነውና፣ ዘመድ የሌለው ይራባል። ጌታችን በዕለተ ምጽአት ከሚጠይቀን ነገሮች አንዱ የታሰረውን መጠየቅ መሆኑን ሁላችን በቃላችን እናውቀዋለን። እንግዲህ ማኅበራችሁን በምታወጡበት፣ ዝክራችሁን በምትዘክሩበት ቀን ከዳቦው ጥቂት በአገልግል ይዛችሁ «ዘመድ ለሌለው» ብላችሁ ብታደርሱ፣ እስረኛው ብቻ ሳይሆን ጠባቂውም ያየዋል። ሰው የሚጠይቀውን እስረኛ መምታት ሰው የማይጠይቀውን እንደ መምታት አይቀልም።

አሁን ወደ መጥምቁ ሦስተኛ ቃል እንመለስ፤ በደመወዛቸው እንዲረኩ ወደሚለው። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ በፖሊስ ላይ ብቻ ስናነሣው እንሰማለን። ደመወዙ ትንሽ፣ ልጆቹ ብዙ፣ ቤቱ ኪራይ የሆነ ሰው እንዲረካ መንገር ለሚናገረው ቀላል ነው፤ የሚከፍለውም ክፍል ይህን ሊያስብበት ይገባል። ነገር ግን መማለጃን ወደ ጣቢያው የሚያመጣው ማን ነው? አባቶቻችን ወደ ታላቅ ሰው ባዶ እጅ መሄድን እንደ ነውር ይቈጥሩት ነበር፤ እጅ መንሻ ይባል ነበር። ይህ የክብር ልማድ ከመኳንንቱ አዳራሽ ወጥቶ በፖሊስ ጣቢያ ደጅ ሲቆም ስሙ ተለወጠ እንጂ መልኩ አልተለወጠም። ማሩን፣ ዶሮውን፣ ቅቤውን የሚያመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ክፋት አያስብም፤ ማክበሩ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ወደ ቀየት በሄድን ጊዜ አንድ አረጋዊ ካህን ያጫወቱንን ልንነግራችሁ እንወዳለን።

ካህኑ ከሚናዝዟቸው ልጆቻቸው አንዷ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ያላቸው ሀብት ሦስት በግ ነበረ፤ ከሦስቱ አንዲቱ፣ ያውም የምትወልደዋ፣ በሌሊት ጠፋች። ሴትዮዋ ዐሥር ዕንቍላል በሙዳይ ውስጥ በጭድ ሸፍነው ወደ ጣቢያ ሄዱ። በዚያ የነበረው ወጣት ሳጅን ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣቸውና ቃላቸውን በጽሑፍ ተቀበለ፤ የበጊቱን መልክ፣ የጆሮዋን ምልክት፣ የጠፋችበትን ሰዓት ሁሉ ጠየቃቸው። ሲጨርሱ ሙዳዩን ገፋ አደረጉለት።

«እማማ፣ ይህን ይዘው ይመለሱ» አላቸው።

«አነሰህ እንዴ ልጄ?» አሉት።

«አላነሰም፤ አልቀበልም እንጂ። በጊቱን ግን እፈልግልዎታለሁ።»

ሴትዮዋ ሙዳያቸውን አቅፈው፣ እያለቀሱ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባታቸው ቤት ሄዱ። «አባ፣ አለቀልኝ፤ ሌባው ከኔ ቀድሞ ሄዷል። የኔን ዕንቍላል እንኳ ሊያይ አልወደደም፤ ያኛው በግ ሳይሰጠው አይቀርም» አሉ።

ካህኑ ይህን ሲነግሩን ሳቁ፤ ወዲያውም ዝም አሉ። «ልብ በሉ» አሉን፤ «ቢቀበላት ኖሮ ደስ ብሏት ትሄድ ነበር። ሐቀኛ በመሆኑ ሌባ መሰላት። እኛ ምን ያህል ዘመን እንዲህ ብናኖራት ነው?»

በነጋታው ካህኑ ራሳቸው ወደ ጣቢያ ሄደው ነገሩን ጠየቁ። ሳጅኑ አፍሮ፣ «አባ፣ እናቴን መሰሉኝ፤ ለማስረዳት ቃል አጣሁ» አላቸው። ካህኑም በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴትዮዋን ጠርተው፣ መማለጃና እጅ መንሻ ምን እንደሚለያያቸው አስረዷቸው። አምነው ይሁን ለአባታቸው ታዝዘው፣ ራስ ነቅንቀው ሄዱ።

በጊቱ አልተገኘችም። ይህን ለመሸፈን አንፈልግም። ሳጅኑ ሦስት ገበያ ዞረ፤ የቈዳ ነጋዴ ጠየቀ፤ ከጎረቤት ቀበሌ ሁለት ሰዎችን አነጋገረ፤ ነገር ግን አላገኘም። ይሁንና በየጊዜው ወደ ሴትዮዋ ቤት በእግሩ እየሄደ፣ «እማማ፣ በዚህ በኩል ፈልጌ አጣሁ፤ ደግሞ በዚያ በኩል እሞክራለሁ» ይላቸው ነበር። በመጨረሻም መጥቶ፣ «ፈልጌ አቃተኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። ጠላ ሲያቀርቡለት ውኃ ለምኖ ጠጣ። እንግዳ የተቀመሰው ጠላ መማለጃ አይደለም የሚሉ አሉ፤ በተራ ጊዜ እኛም ከእነርሱ ጋር ነን፤ ነገር ግን ነገሩ ባልተዘጋበት ቤት ውኃ መጠጣቱን ወደድንለት።

ብዙ ጊዜ እንዳየነው፣ ሕዝብ በመንግሥት ሰው ላይ የሚያዝነው ነገሩ ስላልተሳካለት ብቻ አይደለም፤ «ነገ ና» ተብሎ ስለሚረሳ ነው። የጠፋችው በግ ስንት እንደምታወጣ በገበያ ይታወቃል። ፖሊስ በእግሩ ሁለት ሰዓት ተጕዞ «አላገኘሁም» ለማለት መምጣቱ ግን በገበያ ዋጋ የለውም።

ስለ ቅፍርናሆሙ መቶ አለቃም በሉቃስ ወንጌል በሰባተኛው ምዕራፍ የምናነበው ከዚህ ጋር ይሄዳል። እርሱ የባዕድ መንግሥት ወታደር ነበረ። ባሪያው ታሞበት ወደ ጌታችን ሲልክ ግን የአይሁድ ሽማግሌዎች ራሳቸው ሄደው ለመኑለት፤ ሕዝባችንን ይወዳል፣ ምኵራብም ሠርቶልናል ብለው መሰከሩለት። በቅኝ የተያዘ ሕዝብ በያዘው ሠራዊት ሹም ላይ እንዲህ ብሎ መመስከሩ ትንሽ ነገር አይደለም። ያ ሹም ምን ያህል ዓመት በዚያች ከተማ ገበያ በትሕትና ቢመላለስ ነው?

ይህን የምንጽፈው በቀላል ዘመን አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት የብዙ ገጠር ጣቢያ ሥራ ተስተጓጕሏል፤ ደም ፈሷል። የደንብ ልብስ የለበሰ ልጅ ያላት እናትና ጫካ የገባ ልጅ ያላት እናት በአንድ ቅጽር ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ያስቀድሳሉ፤ እርስ በርሳቸው ለመተያየት ግን ይፈራሉ። በዚህ ክርክር ውስጥ የምንፈርደው የለም። ነገር ግን እርቅ በሚወርድበት ቀን፣ ወንበዴ የሚይዝ፣ የጠፋ በግ የሚፈልግ፣ የተጣላ የሚገላግል ሰው ለዚህ ደጋ ያስፈልገዋል። ያ ሰው ከየት ይመጣል? ከየቤታችን ነው እንጂ ከሌላ አገር አይመጣም። ስለዚህ ልጆቻችንን እንዴት እንደምናሳድግ ከዛሬው እናስብ።

ለዚህም አንዲት ትንሽ ነገር እናነሣለን። ሕፃን ሲያስቸግረን «ዝም በል፣ ፖሊስ ይወስድሃል!» የማንል ስንቶቻችን ነን? አያቶቻችን በጅብ ያስፈራሩን ነበር፤ እኛ ጅቡን በፖሊስ ለወጥነው። ይህ ሕፃን አንድ ቀን በጥምቀት ወይም በመስቀል ሕዝብ መካከል ከእናቱ እጅ ተለይቶ ቢጠፋ፣ ሊረዳው የመጣውን ፖሊስ ሲያይ ይሸሻል። ከዚያም ወደ ማን ይሄዳል? ልጆቻችሁ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ሲያልፍ «ጋሼ፣ እንደ ምን ዋሉ?» እንዲሉ አስተምሯቸው። ፖሊሱም ያን ሰላምታ በሰማ ቀን እንደ ትናንቱ አይሆንም፤ ሰው ነውና።

መጥምቁ ዮሐንስ ራሱ በምን እንደ ሞተ እናስታውስ፤ ቤተ ክርስቲያናችን መስከረም ሁለት ቀን ታስበዋለች። ሄሮድስ በግብዣው ላይ ማለ፤ ባለ ወግ ለመምሰል መሐላውን ማፍረስ አፈረ፤ አንድ ዘበኛም ላከ። ያ ዘበኛ ስሙ አልተጻፈም። ታዝዞ ሄደ፤ አንገቱን ቈረጠ፤ በወጭት አመጣ። በዮርዳኖስ ዳር ያን ትምህርት ከሰሙት ጭፍሮች አንዱ ይሆን? አናውቅም። ነገር ግን «ታዝዤ ነው» ማለት ያ ወጭት በእጁ ሳለ ምን ያህል እንደሚቀልል እያንዳንዱ ባለ ትእዛዝ ለራሱ ያስበው።

ለቀየቱ ካህን ጨዋታ አንድ ነገር ይቀረዋል። በጊቱ ከጠፋች ከወራት በኋላ፣ ከዚያች ሴት ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው አህያው በሌሊት ተሰረቀበት። ጎረቤቱ ሁሉ አላየሁም አለ። ማለዳ ግን ሴትዮዋ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ጣቢያ መጡና፣ ሳጅኑ ወንበር ሳይሰጣቸው ራሳቸው ስበው ተቀመጡ።

«ልጄ» አሉት፤ «ዛሬ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት። ያየሁትን ልንገርህ፤ ስሜን ግን ወፍ በለው።»